ኪስ የምትገባ ስድስት ጎራሽ

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኮዬ ፈጬ ከታክሲ ወርዶ ብሎኩ ድረስ በእግሩ የሚገባ ሰው ሽጉጥ ቢያምረው አልፈርድበትም። የመንገዱ መብራት አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ስልክ ነጣቂው በሞተር ይመጣል። ውሻው በመንጋ ነው፣ ከመሸ ደግሞ ጅቡም አለ። ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ ቤት የሚያከራይ አንድ ደላላ ጠጋ ብሎ «አንተ አምሺ ነህ፣ አንዲት ያገለገለች ስድስት ጎራሽ አለች፣ ትንሽ ናት፣ ኪስ ትገባለች» ሲለኝ ጆሮ ሰጠሁት።

ማታውኑ ዳላስ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ሌሊት ነዳጅ ማደያ ይሠራል፣ ያገለገለች አጭር ሪቮልቨር፣ ያው ጥይቷን በሚዞር ከበሮ የምትይዝ ሽጉጥ፣ ገዝቶ ሁሌ ታጥቋት ነው የሚወጣው። ስለ እሷ ካስጀመርከው ደግሞ ማቆሚያ የለውም።

የእሱ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቺፍስ ስፔሻል ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣች ሞዴል ስትሆን አምስት ጥይት ብቻ ትጎርሳለች፤ ከበሮዋ ቀጥኖ ልብስ ሥር እንዳያብጥ ተብሎ ነው። የኮልቷ ዲቴክቲቭ ስፔሻል እ.ኤ.አ. በ1927 ነው የወጣችው፣ እሷ ስድስት ትይዛለች፣ ግን ትንሽ ትወፍራለች። ሁለቱም ጥይት የሚደረደርበት ካርታ የላቸውም። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፣ ከበሮው ዞሮ ቀጣዩን ያመጣል። ትንሽ ስለሆነች ለጀማሪ ትቀላለች የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ምላጯ ይከብዳል፣ አፈሙዟ አጭር ነው፣ ስትተኩስ እጅህ ላይ ትዘላለች፣ ተለማምዶባት የማያውቅ ሰው አጠገቡ ያለውንም ይስታል።

ያገለገለ ሲገዛ የሚያየውን ነገረኝ። መጀመሪያ ባዶ መሆኗን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ደግሞ ያረጋግጣል። ከበሮውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ገፋ ያደርገዋል፤ ከተወዛወዘ ብዙ ተተኩሶባታል ማለት ነው። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.25 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይተዋታል። ምላጩን ቀስ ብሎ ሲስብ ከበሮው መምቻው ከመውደቁ በፊት ቦታው ላይ «ቀጭ» ብሎ መቆም አለበት፣ አለዚያ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጥም ይተኮስና እርሳሱ ተልጦ በጎን ይረጫል። የብሎኖቹ ጭንቅላት ከተቧጨረም ማን እንደፈታት አይታወቅም ብሎ ይጠረጥራል።

እኔን የያዘኝ ግን የመውደቁ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር የመርከብ ወለል ላይ ወድቆ በራሱ ተኩሶ አንድ የአሜሪካ ባሕርተኛ ገድሏል፤ ፋብሪካው መምቻውን የሚያግደውን ክፍል እንደገና የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ «ያገለገለች» የሚሉህ ደግሞ ከየትኛው ዘመን እንደሆነች በምን ታውቃለህ? በ1933 ከእንግሊዝ መኮንን ወገብ የቀረች ኤንፊልድ ብትሆንስ? እሷም እንደ አክስቴ ልጅ ሽጉጥ 38 ካሊበር ናት ይሉሃል፣ ጥይቷ ግን አጭርና ወፍራም ነው፣ የአክስቴ ልጅ የሚጠቀምበት 38 ስፔሻል አይገባላትም።

እሱ የገዛው ፈቃድ ካለው ሱቅ ነው። የፌዴራል ቅጽ ሞልቶ፣ የወንጀል ታሪኩ ተጣርቶ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ መያዣ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። የእኛ ሕግ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው።

ደላላውን «ወረቀቷስ?» አልኩት።

«ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ሽጉጥ እኮ ናት፣ መሬት መሰለችህ እንዴ?»

እዚህ ሰፈር የጨረቃ ቤት እንኳ የመንደር ውል አለው! ከበሮዋን ገፍቼ፣ ክፍተቷን ለክቼ፣ ምላጯን ስቤ ላያት እችላለሁ፤ ትናንት ማን እጅ እንደነበረችና ምን እንደተሠራባት ግን የሚነግረኝ የለም። በፍተሻ የተገኘች ቀን ተጠያቂው የመጨረሻው ያዥ ነው፣ ማለትም እኔ።

ፈቃድ ያላት ብትሆንስ ብዬም አሰብኩት። የእኔ ቀን ምንድን ነው? ባንክ መግቢያ ላይ ፍተሻ። ሞል ፍተሻ። ቀበሌ ፍተሻ፣ ሆስፒታል ፍተሻ፣ ልደት የተጠራሁበት ሆቴል እንኳ እጄን ወደ ላይ አድርጌ ነው የምገባው። በየበሩ ከጥበቃ ጋር መከራከር፣ ካመኑህ ማስረከብ፣ ስትወጣ መቀበል። በዚያ ላይ ሚኒባሱ አለ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሦስት የተሠራ ወንበር ላይ አራት ሲያስቀምጠን፣ አጠገቤ እናት ልጇን ታቅፋ፣ ወገቤ ላይ ሽጉጥ። ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ፣ ገና ሳልገዛት!

ደላላው አሁንም ሲያገኘኝ «ሰውዬው ዋጋ ቀንሷል» ይለኛል። አልፈልግም ብዬዋለሁ። ከብሎካችን አምሺዎች ጋር ስልክ ተለዋውጠን አስፋልቱ ላይ እየተጠባበቅን በአንድ ላይ መግባት ጀምረናል፣ ከመካከላችን አንዱ ወፍራም የወይራ ዱላ አለው። ለውሻውና ለጅቡ በቂ ነው። የሞተሮቹን ግን ገና አልፈታነውም፣ ለጊዜው ስልካችንን ካልሲ ውስጥ እየከተትን ነው የምንሄደው።