በ14 የዋሸችኝ መለኪያ

ሰኞ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ከ20። ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲያኝክ ሰማሁ። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ክዳኑን ከፍተው የተጨማደደ ወረቀት በሁለት ጣታቸው ይጎትታሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ቢሮውን ሻወር ቤት ያደረግከው አንተ ነህ?"

እኔ ነኝ።

የምሠራው ጠቅላላ አገልግሎት ነው። አምፖል ሲቃጠል፣ ቁልፍ ሲጠፋ፣ ሻይ ቅጠል ሲያልቅ የምጠራው እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ ደግሞ አንዲት ተክል ተጨመረችልኝ። አዲሱ ቢሮ ስንገባ ለሥራ አስኪያጃችን በስጦታ የመጣች ካላቴያ። ቢሮው በሙሉ "አበባዋ" ይላታል፤ ስታብብ ግን ያየ የለም። ጌጧ ቅጠሏ ነው። ላዩ በብሩሽ የተሳለ ይመስላል፣ ጀርባው ወይን ጠጅ። ወደ ማታ ቅጠሎቿን ወደ ላይ ትሰበስባለች፣ ጠዋት መልሳ ትዘረጋለች። ከእንሰት፣ ከሙዝና ከዝንጅብል ጋር የሩቅ ዝምድና አላት። አዲስ ቅጠልም ስታወጣ ልክ እንደ እንሰት ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው።

አገሯ ግን የደቡብ አሜሪካ ዝናባማ ደን ነው፤ ከትልልቅ ዛፍ ሥር፣ ጥላና እርጥበት ውስጥ። እኛ ጋ ደግሞ ኅዳር ከገባ አየሩ እንዴት እንደሚደርቅ ከንፈሩን ቫዝሊን የሚቀባ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የቅጠሎቿ ዳር በክብሪት የተለበለበ መሰለ። ስነካው እንደ ድርቆሽ ተንኮሻኮሸ።

"ይቺ አበባ እንዳትሞትብኝ" አሉኝ ሥራ አስኪያጇ። በኛ ቤት ይኼ ከደብዳቤ ይበልጣል።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበትን ዓይነት መርጫ ገዝቼ በቀን 3 ጊዜ ውሃ መርጨት። የረጨሁት በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ አየሩም ወደነበረበት ይመለሳል። ጠጠርና ውሃ ያለበት ሳህንም ከሥሯ አስቀመጥኩ። ለዓይን ያምራል። በዚያ ስፋት ክፍል ውስጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ከዚያ ከመርካቶ አንዲት ትንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። ጉም የምትተፋ የአየር ማርጠቢያ ማሽንም አስፈቀድኩ። ለካላቴያ 60 በመቶ አካባቢ ይስማማታል ተብዬ ነበር። መለኪያዋ 34 አለች። ማሽኑን አበራሁ። 40 ገባ። 43። 46። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራዬን ትቼ ያቺን ቁጥር ስጠብቅ ከረምኩ።

ጥር ላይ፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ ቆረጥኩ። ማሽኑ ቅዳሜና እሑድም ይሥራ! ለጥበቃችን "ውሃው ሲያልቅ ከቧንቧ ጨምርበት" አልኩት። ታማኝ ሰው ነው፤ ሌሊት ሳይቀር እየተነሳ ሞልቷል። መስኮቱ ሁሉ ዝግ። ያ በየሰበቡ የሚጠፋው መብራት እንኳን ሁለት ቀን ሙሉ አንዴም ብልጭ አላለም። መጥፋት የነበረበት ያን ቀን ነበር።

ሰኞ ስገባ መስታወቱ ላይ ውሃ እንደ ላብ ይወርዳል። ተከፍቶ ያደረ 5 ደስጣ ወረቀት ዳር ዳሩ ተጣሟል። ጋሼ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመቱ የክቡ ጠርዝ ፈሰሰ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም የማይነበብ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ሆነ። ኮምፒውተሮቹ ላይ ደግሞ ዱቄት የነሰነሱባቸው የሚመስል ነጭ አቧራ። ይኼ አቧራ የመጣው ከቧንቧው ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ እሱው ነው። የኛ ማሽን ውሃውን አያፈላም፣ በንዝረት ሰባብሮ ነው የሚበትነው። ስለዚህ ማዕድኑም አብሮ ይበተናል። ውሃው ሲተን ማዕድኑ ስክሪን ላይ ያርፋል።

"ምን እንደተፈጠረ በጽሑፍ አቅርብ" አሉኝ ሥራ አስኪያጇ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ልጽፍ ስቀመጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። መስታወቱ በላብ ተጠምቆ መለኪያዋ 58 ነበር የምትለው። እንዴት ሆኖ?

ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "በጨው ፈትሻት" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። የለስላሳ ቆርኪ ላይ የገበታ ጨው ሞላሁ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨመርኩበት፤ ጨው ሟሙቶ እንዳያልቅ፣ ጭቃ ብቻ እንዲሆን። ቆርኪውንና መለኪያዋን ክዳኑ ጥብቅ በሚል የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳደርኳቸው። እንዲህ በታፈነ ቦታ የረጠበ ጨው አየሩን 75 በመቶ ላይ ይይዘዋል። የክፍሉ ሙቀት ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ያው 75 ነው። ጠዋት ሄጄ በክዳኑ ላይ አየሁ።

61።

14 ጎድላለች። 46 ላይ ቆማ ስታስጨንቀኝ ክፍሉ 60 አካባቢ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ቅጠሏ ለምን ይቃጠላል? መልሱ ከተክሏ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ጠዋት ጠዋት የሚያበሩት ሂተር። አየር ሲሞቅ ውሃ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። መለኪያዋ የምትናገረው ደግሞ አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ ስንት በመቶውን እንደያዘ ነው፤ ስለዚህ በውስጡ ያለው ውሃ ሳይቀንስ መቶኛው ይወርዳል። 17 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ የነበረ አየር 25 ዲግሪ ሲደርስ 31 አካባቢ ይሆናል፤ አንዲት ጠብታ እንኳን ሳትወጣ። መለኪያዋን ያስቀመጥኩት ደግሞ ማዶ፣ ፋይል መደርደሪያው ላይ ነበር። ዋሽታም ቢሆን የምትነግረኝ ስለ ፋይሎቹ እንጂ ስለ ካላቴያዋ አልነበረም። ቅዳሜና እሑድ የሆነው የተገላቢጦሹ ነው። ሂተሩ ጠፋ፣ የጥር ሌሊት በረደ፣ ማሽኑ ጉሙን ጨመረ። መያዣ ያጣው ውሃ መስታወቱና ወረቀቱ ላይ ተቀመጠ።

ማብራሪያዬን "ጥፋቱ የመለኪያው ነው" ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። በአንድ ብር ጨው የሚታወቀውን ሳልፈትሽ ያመንኩት እኔ ነኝ። እንደዚያው ጻፍኩት።

ካላቴያዋን ከሂተሩ አርቄ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኛት ጥግ አስገባኋት። ሁለት ሌሎች ተክሎችም ከጎኗ አደረግኩ፤ ተጠጋግተው ሲቆሙ በቅጠላቸው የሚያወጡትን እርጥበት ይጋራሉ። መለኪያዋ አሁን ቅጠሉ ከፍታ ላይ ተሰቅላለች፣ ግንባሯ ላይ በፕላስተር "+14" ተጽፎባት። ማሽኑ ጠዋት ለ2 ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራል፣ ማዕድኑ በወጣለት ዲስቲልድ ውሃ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ማዕድን አለው። ዓርብ ሶኬቱን ነቅዬ ነው የምወጣው። ጥበቃችን ግን አልተዋጠለትም፤ "ዛሬ አትጠጣም?" እያለ ይጠይቀኛል።

የተቃጠለው ዳር አልዳነም። አይድንምም። በመቀስ የቅጠሉን ቅርጽ ተከትዬ ቆረጥኩለት። የካቲት መጨረሻ ላይ ግን ከመሃሏ አንድ ጥቅልል ብቅ አለ። ቀስ እያለ ተፈታ። ዳሩ ሙሉ፣ አንድም ጭረት የለው።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ዳሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"አምስት ደስጣ ወረቀት ለበላች" አሉ፣ "አንዲት ቅጠል አላነሰችም?"