ግራ የገባው ጥናት

ተባባሪ ፕሮፌሰር ያደረገኝ ጽሑፍ ስሕተት ነው። ይህን የምናውቀው እኔ፣ አንድ ግራጌታ፣ አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር፣ እንዲሁም የመጽሔት የመጨረሻ ገጽ የሚያነቡ ሰዎች ካሉ እነርሱ ብቻ ነን።

የማጠናው የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታሪክ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ምስለ ፍቁር ወልዳን። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ ቆመው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ባዘዙበት ዘመን የነበረው መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን ያኖረበት ገበታ፣ ማለት በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ዛሬም በጣናው ደሴት ገዳም በዳጋ እስጢፋኖስ አለ። አለ ብዬ የምናገረው ሰምቼና በፎቶ አይቼ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም። ክብራን ገብርኤልም እንደዚያው።

የጣናን ሥዕል አጠናለሁ ብላ የተነሣች ሴት እንግዲህ ምን ታድርግ? ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቻለሁ፤ ናርጋ ሥላሴ ገብቻለሁ። ናርጋ የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ነው፤ ውብ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቷል። የምፈልገው ዘመን በደሴቶቹ ላይ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 በነበረው ጦርነት በየብስ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸውና ከነሥዕላቸው ሲነዱ፣ በውኃ የተከበበ ገዳም ደኅና መሸሸጊያ ነበር። ስለዚህ ከእሳት የተረፈው እኔ ወደማልገባበት ገብቷል። በዚህ ላይ አላማርርም፤ ደንቡ ከእኔ ዲግሪ ይልቅ የቆየ ነው። ነገር ግን በፎቶ የምትሠራ ተመራማሪ ሆንኩ።

ፎቶውን የሰጡኝ በወጣትነታቸው ወደ አንዱ ገዳም ገብተው በስላይድ ፊልም ያነሡ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸውንም ያውቁታል። የስላይዶቻቸውን ቅጂ በኮምፒውተር ሲልኩልኝ፣ ይህን ሥዕል እንደሚገባ ያጠናው ሰው እንደሌለና ዕድሉን ለእኔ እንደተዉልኝ ጻፉልኝ። የገበታው የታችኛው ክፍል በፎቶው ውስጥ አልገባም፤ የእመቤታችን ጉልበት ላይ ይቆረጣል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕፃኑ ወፍ ይዟል። የተቀመጠው በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ነው። መላእክቱ ሁለቱም ሰይፋቸውን የያዙት በግራ እጃቸው ነው።

አሁን ስጽፈው ራሴን እይዛለሁ። ያን ጊዜ ግን ከወንበሬ ብድግ ነበር ያልኩት።

መርቆሬዎስ ተብሎ በአገራችን ብዙ ዓመት የኖረውን የቬኒስ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮንን የሚያውቅ ሁሉ ያችን ታሪክ ያውቃል። በአትሮንሰ ማርያም ሕፃኑን በግራ ክንድ ላይ ቢሥል ሕዝቡ «ጌታን በግራ?» ብሎ ተቆጣ፤ ንጉሡ ግን ሥዕሉ አይነካም አሉ ይባላል። ታሪኩን ያቆየልን የውጭ ተጓዥ ነው፤ በግራ ክንድ የታቀፈ ሕፃን የሣሉ የራሳችን ሠዓሊዎችም ስላሉ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ወሬ ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ይህንኑ እላለሁ። ለራሴ ግን አላልኩም። በአራት ገጽ፣ የዚህ ገበታ ሠዓሊ የብራንካሊዮንን ሥራ አይቶ የግራን እጅ ክብር አውቆ ወደ መላእክቱ እንዳሻገረ አስረዳሁ። «አውቆ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ጽሑፌን የገመገመው ስሙ ያልተገለጸ ሊቅ ስለ ግራ እጅ ያነሣሁት ነጥብ «ለረጅም ጊዜ ሲጠበቅ የነበረ» እንደሆነ ጻፈ። አጻጻፉን የማውቀው መሰለኝ፤ ደስ ስላለኝ ብዙ አልመረመርኩም።

ጽሑፉ በታተመ በዓመቱ ባሕር ዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችና የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አብረው የተቀመጡበት ጉባኤ ነበር። ሥዕሉን በፕሮጀክተር አሳየሁ፤ ሃያ ደቂቃዬን ተናገርኩ፤ ተጨበጨበ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ግራጌታ ናቸው።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ደክመሻል» አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ንግግሩን በ«ብዙ ደክመሻል» ሲጀምር ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ነበረብኝ።

«አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ቅዱስ ሚካኤል ከመቼ ጀምሮ ነው ግራኝ የሆነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ግራኝ የሚለው ቃል በዚያ አገር እንዲሁ ስለ እጅ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ የነደደውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩና መልስ ጀመርኩ። ቬኒስን አመጣሁ፤ አትሮንሰ ማርያምን አመጣሁ፤ ሠዓሊ እንዴት ከሠዓሊ እንደሚማር አብራራሁ። ግራጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ተማሪው ቅኔውን እስኪጨርስ የሚታገሥ መምህር እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ቅኔው እንደተበላሸ እያወቀ።

«ይህስ መልካም ነው» አሉ ስጨርስ። «ፈረንጁንም ነፍሱን ይማር። እኔ ግን ያን ሥዕል አውቀዋለሁ። ዲያቆን ሳለሁ አራት ዓመት መጋረጃውን የምገልጠው እኔ ነበርሁ። በሕፃኑ በኩል ጠርዙ በጧፍ የተለበለበ ነው። ታያላችሁ?»

ሁሉም አየ። ጥቁር ጠባሳ አለ። እኔ በጽሑፌ ላይ «የእርጥበት ጉዳት» ብዬዋለሁ።

«እሱ ጠባሳ ፊት ለፊት ስቆም በግራዬ ነበር። ዛሬ በቀኜ ሆኗል።»

ቀጥሎ የተናገርኩትን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። «የኔታ፣ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ምናልባት ማስታወሱ...» አልኩ።

«ልጄ፣ ያቃጠልሁት እኮ እኔ ነኝ። አበምኔቱም የገረፉኝ እዚያው ሥዕሉ ፊት አቁመው ነው። የተገረፈ ሰው ግራና ቀኙን አይረሳም።» ለመቀመጥ ጎንበስ ካሉ በኋላ ደግሞ ቀና አሉ። «ደግሞስ ግራን እኔ ልሳተው? ማዕረጌ እኮ ነው!»

ያን ጊዜ የሆነውን ስናገር ሰዎች ያፈርኩ ይመስላቸዋል። ያፈርኩት ማታ ነው። እዚያ መድረክ ላይ ሳለሁ የያዘኝ ሌላ ነበር፤ ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ሳይ መላእክቱ ድንገት በሙሉ ግራ የገባቸው ሰዎች መሰሉኝ፣ እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሰብሳቢው ውኃ አቀበለኝ። ያለቀስኩ መስሎት ነው።

ሆቴል ስገባ ሥዕሉን በላፕቶፑ ገለበጥኩት። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሰይፎቹ ወደ ቀኝ እጅ ሄዱ፤ ሕፃኑ ወደ እናቱ ቀኝ ክንድ ተሻገረ፤ ሁሉም ነገር ልክ ሆነ፤ አራት ገጼ ባዶ ቀረ። ጠዋት ስላይዶቹ ወደሚቀመጡበት ቤተ መዛግብት ጻፍኩ። በደግነት ፈልገው መለሱልኝ። የቀድሞ ፎቶ አንሺዎች ፊልሙ ሲታይ እንዳይገለበጥ በማቀፊያው ጥግ ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ በዚህኛውም ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነጥቡን ያየ ሰው አልነበረም።

ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። መልሳቸው አጭር ነው። «ስለዚያ ምስል ሁልጊዜም ጥርጣሬ ነበረኝ» ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር አትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች የፍልስፍና ጥቅስ ይመስላቸዋል።

ለመጽሔቱ ማረሚያ ላክሁ። ስሕተቱን ያገኙት ግራጌታው እንደሆኑ በስማቸው ጽፌ ነበር። አዘጋጁ የሚሠሩበትን ተቋምና ከፍተኛ ዲግሪያቸውን ጠየቀኝ። ድጓ፣ ቅኔ፣ አቋቋም ብዬ ጻፍኩለት፤ በሕፃንነታቸው አኩፋዳ አንጠልጥለው ከወጡ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ እንደተማሩም ጨመርኩ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልተገኘም። ሲታተም «አንድ የአካባቢው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ» ሆነ፤ እኔም ማረሚያው እንዳይዘገይ ብዬ እሺ አልኩ። ከተገለበጠው ስላይድ ይልቅ ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ ይህ እሺታ ነው። ስላይዱን የገለበጥኩት እኔ አይደለሁም።

የዕድገት ማመልከቻዬ በዚያው ወር ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ማረሚያውን ከጽሑፉ ጋር አያይዤ፣ ነጥቡ ይቀነስ እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቅኩ። ኮሚቴው የሚቆጥረው የታተመን እንጂ የተሳሳተን እንዳልሆነ ተነገረኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬማ ማረሚያውን እንደ ሌላ ኅትመት ለምን አላስቆጠርሽም ብሎ ከልቡ ገሠጸኝ። ዕድገቱ ጸደቀ። ደመወዙንም እየበላሁ ነው።

ከግራጌታው ጋር ስልክ እንደዋወላለን። የታተመውን ማረሚያ ሳነብላቸው «አንድ አገልጋይ» የሚለው ላይ ሲደርስ «ጥሩ ነው፤ ለትሕትና ይበጃል» አሉ፤ ለማን ትሕትና እንደሆነ አላብራሩም። ባለፈው ዓመት ለንግሥ ወደ ገዳሙ ሲሄዱ አበምኔቱን አስፈቅደው ሥዕሉን አስነሥተው እንደሚልኩልኝ ቃል ገቡ፤ ላኩም። ያነሣው አንድ ወጣት ዲያቆን ነው። በስልኩ የፊት ካሜራ ራሱንም፣ ግራጌታውንም፣ ሥዕሉንም ባንድነት አስገብቷል።

ከፈትኩት። ሕፃኑ በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ነው። የተቃጠለው ጠርዝ በቀኝ ነው። ሚካኤል ሰይፉን በግራ ይዟል።

ለአንድ ሰዓት ያህል የዓለም ደስተኛ ሴት ነበርኩ። ማረሚያውን የሚያርም ማረሚያ በሐሳቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲያውም ያምራል። ከዚያ የግራጌታው መቋሚያ በየትኛው እጃቸው እንዳለ አየሁ። ደወልኩላቸው።

«የኔታ፣ እርስዎስ ከመቼ ጀምሮ ነው ግራኝ የሆኑት?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ስልኩ እንደ መስታወት ገልብጦ እንደሚያስቀር ዲያቆኑም አላወቀ።

ነገር ግን ልጁ፣ ሦስቱም እንዲገቡለት ብሎ ራቅ ብሎ ነው ያነሣው፤ ገበታው እስከ ታች ይታያል። ፕሮፌሰሩ የቆረጡት ቦታ ላይ አንድ መስመር ግእዝ አለ። ፊደሉ ተገልብጦ ስለነበር ስልኩን ይዤ መኝታ ቤቴ መስታወት ፊት ቆምኩ። ቁልፍ መጫን ይበቃ ነበር፤ ትዝ አላለኝም። ሰዎች በሚሳለሙበት በኩል ቀለሙ አልቋል። የተረፈው «ተማኅፀነት ብኪ ወለተ» ይላል፤ ማን እንደሆነች የሚነግረው ቃል ተስሞ ተስሞ ጠፍቷል።