ጋሼን የጠቀለልኩ ዕለት

ቢሮ ውስጥ «ኤዲት ይችላል» የሚል ስም ከወጣልህ አለቀልህ። ለእኔ የወጣልኝ የእህቴን ልጅ የልደት ቪዲዮ ስለቀጣጠልኩ ብቻ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የመሸኛ ቪዲዮው እኔ ላይ ተጣለ።

ቀረጻው ደህና ነበር። ችግሩ እኔ ነኝ። ያወረድኩት ሶፍትዌር የትራንዚሽን (ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መሸጋገሪያ) መዓት ነበረው፤ ልብ፣ ኮከብ፣ የሚሽከረከር ኩብ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ፣ የሌለ ነገር የለም። ይሄ ሁሉ ተደርድሮ እያለ ዝም ብሎ ቆርጦ መቀጠል ስንፍና መሰለኝ። በ8 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ 41 ቦታ ከተትኩ። አንዱንም አልደገምኩም፣ ጭራሽ እሱ ነበር የሚያኮራኝ። በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ «ሿ!» የሚል ድምፅ። ኮምፒውተሬ ኤክስፖርት ሲያደርግ ሲያቃስት አደረ።

በሽኝቱ ዕለት መብራት ጠፋ፣ ፕሮጀክተሩ በራ። መጀመሪያ ላይ ሰው «ዋው» ምናምን ሲል ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ ጋሼ ስለ መጀመሪያ የሥራ ቀናቸው የሚያወሩበት ቦታ ደረሰ። ድምፃቸው ያዝ አደረጋቸው፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ «እዚህ ቤት ያገኘሁት ሰው…» ብለው ሳይጨርሱ ፊታቸው ከቀኝ ጥግ ጀምሮ እንደ ወረቀት ተጠቀለለ። ሿ! ከፊታቸው ሥር የመጋዘኑ መደርደሪያ ብቅ አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም አብረው ሳቁ። ግን ያወጡትን መሀረብ ቀስ ብለው ኪሳቸው ሲመልሱት አየሁ።

በማግስቱ ቪዲዮ ሥራዋ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ፋይሉን ክፈተው እስቲ።» ኩቡ ላይ አቆመችኝ።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ያምራል ብዬ።»

«ሰውዬው እዛው ወንበር ላይ ናቸው። ወዴት ሄደው ነው ዓለም የሚዞረው?»

ምን ልበላት? እንደነገረችኝ ከሆነ ተመልካች ተራ ቆረጣን ልብ አይለውም፤ ዲዞልቭ (አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው በላዩ ሲመጣ) ሲያይ ግን ጊዜ እንዳለፈ ይገባዋል፣ ስክሪኑ ቀስ ብሎ ሲጠቁር ደግሞ አንድ ነገር እንዳበቃ። እኔ በአንድ ወሬ መሀል አሥር ጊዜ «ጊዜ አለፈ» ስል ነበር ማለት ነው።

አንዱ ንግግር አድራጊ አፉን እንደከፈተ ደርቆ የቀረውም ከዚሁ የመጣ ነው። ዲዞልቭ ሁለቱን ክሊፖች ያደራርባል። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ከሆነ የአንድ ሴኮንድ ዲዞልቭ 25 ፍሬም ይፈጃል፤ ስለዚህ ከቆረጣው ወዲህም ወዲያም ግማሽ ሴኮንድ ያህል ትርፍ ቀረጻ ያስፈልጋል። እኔ ክሊፑን እስከ ጫፉ ተጠቅሜበት ትርፍ ከየት ይምጣ? ሶፍትዌሩ የመጨረሻዋን ፍሬም እየደጋገመ ቀዳዳውን ሞላው። ሰውዬው ደረቀ።

ከ41ዱ 4 ቀሩ። «ሿ» እንዳለ ተጠረገ። እኔን ያስገረመኝ ግን የድምፁ ነገር ነው። የጋሼን ድምፅ ከምስላቸው 2 ሴኮንድ ቀድማ አስገባችው፤ ገና መደርደሪያውን እያየን ድምፃቸው ይጀምራል፣ ከዚያ ፊታቸው ይመጣል። ምንም ኢፌክት የለበትም፣ ግን ስፌቱ አይታይም። የተጠቀለሉበትን ቦታ ደግሞ መጠቅለያውን አንስታ ጭራሽ አልቆረጠችውም። ንግግራቸውን ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። 9 ሴኮንድ። እኔ ብሆን «ይረዝማል» ብዬ እቆርጠው ነበር።

አዲሱን በፍላሽ ላክሁላቸው። በሳምንቱ ደወሉልኝ።

«አየሁት ልጄ፣ ጥሩ አድርገኸዋል።» ትንሽ ዝም አሉ። «ያኛውስ፣ የተጠቀለልኩበት? እሱንም ላክልኝ እንጂ፣ የልጅ ልጆቼ ካላየን ብለው አስቸገሩኝ።»