የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ!

ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ ድንገት ብቅ ያለ ሰው «ምነው፣ እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ?» ይባላል። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ከሚጎርፈው ሕዝብ ስንቱ ይህችን ወቀሳ ከደጅ ተቀብሎ ይገባል። ከእናንተም መካከል ወዳጅ ጋብዟችሁ ወይም በትዳር ተዛምዳችሁ ወደማታውቁት መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ አላችሁ። ክትፎው፣ አይቡና ጎመኑ ይጠብቃችኋል፤ እሱን ባለቤቶቹ ያውቁበታል። እኛ የምናወጋችሁ ቤተ ሰቡ ገና ተኝቶ ሳለ ደጅ ስለሚሰማው የወፎች ድምፅ ነው።

በቅድሚያ ግን ስለ ወፏ። አባባሉ በድሏታል፤ የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። እንደየአገሩ ይህ ስም የሚሰጣቸው ወፎች ከአንድ በላይ ናቸው፦ ደማቅ ቀይና ጥቁር የለበሰ አለ፣ መላ አካሉ ጠቁሮ ትከሻውና ወገቡ ላይ ቢጫ ጣል ያደረገም አለ። ሁሉም ድንቢጥ የሚያህሉ ጥሬ ለቃሚዎች ናቸው። የሚያጌጠው ወንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ክረምቱ ሲገባ ላባውን ቀይሮ ነው። ነገሩ የሣር ጉዳይ ነው። ጎጆው የሚሠራው ከለምለም ሣር፣ የሚንጠለጠለውም በረጃጅም ሣር መካከል ስለሆነ፣ ሣሩ ሳያድግ ማግባት የለም። ወንዱ ብዙ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ መርጣ ስትገባ ውስጡን እሷ ትደለድላለች። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ሲደርቅ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፍና ወንዱ ከሴቷ የማይለይ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር ወፍ ይሆናል። በጥርና በየካቲት በመንጋ ሆኖ ማሳ ላይ ሲለቅም በአጠገቡ እናልፋለን፤ «ወፍ ነው» እንላለን እንጂ «የመስቀል ወፍ ነው» አንልም።

አሁን ወደ ማለዳው። በጉራጌ መንደር ወፍ ለማዳመጥ ከጀፎረ የተሻለ ቦታ የለም። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ጎዳና ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ሠርጉም ለቅሶውም ይደረግበታል፣ ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ ይጀምራል። አጭር ሣር የሚወደው ወፍ፣ አጥር ላይ የሚያርፈው፣ ትልቅ ዛፍ የሚመርጠው፣ ከእንሰቱ ጥላ የማይወጣው ሁሉም ከአንድ መቀመጫ ይሰማሉ።

በመስከረም ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓትን አለፍ ስትል ነው። እናንተ ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ይኖርባችኋል። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ስላልተነሳ ድምፅ ርቆ ይሄዳል፤ ምግብ ለመፈለግ ደግሞ ብርሃኑ ገና አይበቃም። ስለዚህ ወንዱ ወፍ ሌሊቱን በሰላም አድሮ ቦታውን እንዳልለቀቀ ለጎረቤቱ የሚያውጀው ያኔ ነው። 3 ሰዓት ሲሆን አብዛኛው ዝም ይላል።

ከማታው ለባለቤቶቹ መንገር እንዳትረሱ። እንግዳ በጨለማ ሹልክ ብሎ ሲወጣ «ምን አስቀየምነው?» ብለው ይጨነቃሉ። ውሻም አለ፤ ሌሊት የተፈታ ውሻ የቤቱን ሰው አብሮ ካላየ እንግዳ አያሳልፍም። ከቤቱ ልጆች አንዱ ቢከተላችሁ ሁለቱም ችግር ይቃለላል፤ የወፎቹንም የአገር ቤት ስም ከእሱ ትሰማላችሁ። ጤዛው እስከ ጉልበት ስለሚያረጥብ ቦቲ ጫማ አድርጉ። ነጭ ጋቢ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ከለበሳችሁት ግን አትነቃነቁ፣ ወፍን ከቀለም ይበልጥ የሚያስበረግገው ድንገተኛ እንቅስቃሴ ነው።

ከተቀመጣችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ምንም አትጠብቁ። በዚያ መሀል የምትሰሙት አጭር፣ ስለታም፣ የሚደጋገም ጩኸት ስለ እናንተ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይቆይና «እዚህ ወፍ የለም» ብሎ ይነሳል፣ ሲነሳም እንደገና ያስደነግጣቸዋል። ከታገሳችሁ ግን ማስጠንቀቂያው ይቆምና ረዘም ያለው፣ ዜማ ያለው ድምፅ ይመለሳል። ያኔ ወረቀት አውጡ። መሀሉ ላይ ራሳችሁን በነጥብ አስቀምጡ፤ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ከየት አቅጣጫና ምን ያህል ርቀት እንደመጣ ምልክት አድርጉ፣ አጠገቡም ለጆሯችሁ እንደመሰላችሁ ጻፉ፦ «ዝዝዝ»፣ «ኩ ኩ»፣ «ጭልጭል»። አቅጣጫው ካስቸገራችሁ መዳፋችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ አጥፋችሁ አንገታችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። 15 ደቂቃ ይበቃል። በማግስቱ እዚያው ቦታ ስትቀመጡ ያው ድምፅ ከያው ዛፍ ሲመጣ ትሰማላችሁ፤ ባዕድ የነበረው መንደር አንድ የምታውቁት ነዋሪ አገኘላችሁ ማለት ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምናልባት ጋጋኖ ይሆናል፤ ረጅም ቆልማማ ምንቃር ያለውና ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለበት ጠቆር ያለ ወፍ። ካደረበት ዛፍ በመንጋ ተነስቶ እየጮኸ ያልፍና ሣሩ ላይ ወርዶ ትል ይፈልጋል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። አዲስ አበባም ላይ በየማለዳው ያልፋል፤ እዚያ ግን የሚኒባሱ ጥሩምባ ይውጠዋል።

ፀሐይዋ ስትወጣ ከብቱ እግር ሥር እዩ። ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቱን ወደ ላይ ወደ ታች የሚወዘውዝ ቀጭን ወፍ ካለ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንደ እናንተው ገና መድረሱ ነው። ይህን በእስራኤል ሆናችሁ ለምታነቡ ደግሞ፣ በዚህ ሰሞን በላያችሁ የሚያልፈው የወፍ ጎርፍ፣ ሽመላውን ጨምሮ፣ ወደ አፍሪካ እየወረደ ነው።

ስልክን በተመለከተ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ላቦራቶሪ ያዘጋጀው መርሊን የተባለ ነፃ መተግበሪያ አለ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የአካባቢውን የወፍ መረጃ ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ብቻ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት። በድምፅ የሚሰጠውን ስም እንደ ጥቆማ ያዙት፤ ወፉን በዓይናችሁ ሳታዩ አታጽድቁ። አደራ የምንላችሁ ግን ወፍ ለመጥራት የተቀዳ ድምፅ እንዳትከፍቱ ነው። ወንዱ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ሲባክን ይውላል።

ባይኖኩላር (ሩቁን የሚያቀርብ መነፅር) የምትዋሱ ከሆነ 8 በ42 የሚባለውን፣ ማለትም 8 እጥፍ የሚያቀርበውን ምረጡ፤ ይበልጥ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። መነፅር የምታደርጉ የዓይን ማሳረፊያውን ጎማ ወደ ውስጥ መልሱት፤ አለበለዚያ በቀዳዳ የምታዩ ያህል ይጠብባችኋል። ወፉን በባዶ ዓይን ካገኛችሁት በኋላ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ፊታችሁ አምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልባችን እንለምናችሁ። ለበዓሉ የሚጎዘጎዘው ሣርና ቄጠማ የሚታጨደው የመስቀል ወፍ ጎጆ ከሚሠራበት ከዚያው ረግረግ ነው። ከሣሩ በላይ ላባውን ነፍቶ እንደ ንብ «ዝዝዝ» እያለ የሚንሳፈፍ ወንድ ካያችሁ ጎጆው እዚያው ሥር እንዳለ ቁጠሩት። ማጭዱን የያዘውን ልጅ «እሱን ትተህ በወዲያ በኩል እጨድ» በሉት። ለፎቶ ብላችሁም አትግቡ፤ እግራችሁ የረገጠው መስመር ለድመትና ለሸለምጥማጥ መንገድ ይሆናል።

ቦታውን ግን ለዚያ ልጅ አሳዩት። ጥር ላይ ከረግረጉ ዳር በሚለቅመው ቡናማ መንጋ ውስጥ ክንፉን ሲዘረጋ ትከሻው ላይ ቢጫ ብልጭ የሚልበት ካለ ይፈልግ፤ ጥቁርና ቢጫ የሚለብሰው ዓይነት ሌላው ላባው ሲረግፍ ያቺን ቢጫ አይጥላትም። ሲያገኘው ይደውልላችሁ።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንላችሁ!