ሲመጣ ስንት? ሲመለስስ?

ስቶክሆልም አካባቢ የሂት ፓምፕ ጥገና ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ ውጪው ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ደውለው፣ «የመብራት ቢሌ እጥፍ ሆነ፤ ቤቴ ግን አልሞቅ አለኝ» አሉ።

ስዊድን ውስጥ ብዙ የግል ቤት የሚሞቀው ከአለት በሚወጣ ሙቀት ነው። ግቢው ውስጥ 150፣ 200 ሜትር ጉድጓድ ይቆፈርና ቱቦ ይገባበታል። በቱቦው ውስጥ ውሃና አልኮል ተደባልቆ ይዞራል፤ አልኮሉ በረዶ እንዳይሠራ ነው። ፈሳሹ ከአለቱ ትንሽ ሙቀት ይዞ ይመጣል፣ ሂት ፓምፕ የሚባለው ማሽን ያቺን ከፍ አድርጎ ክፍሎቹን ለሚያሞቀው ራዲያተር ይሰጣል። ደህና ሲሠራ በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3፣ አንዳንዴም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይገኛል።

ስደርስ ኮምፕረሰሩ፣ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው የማሽኑ ክፍል፣ ቆሟል። ቤቱን የያዘው ማሽኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ 1 በልቶ 1 ነው የሚሰጠው። የቢሉ ነገር ወዲያው ገባኝ። የብልሽት መዝገቡን ሳየው፣ ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው ፈሳሽ ከልክ በላይ ቀዝቅዟል ይላል። ቸኮልኩ። «ጉድጓዱ አጥሯል፤ ሌላ ማስቆፈር ሳይኖርብዎት አይቀርም» አልኳቸው።

ፊታቸው ሲለወጥ አሁንም ይታየኛል። በጡረታ ለሚኖር ሰው ቁፋሮ ማለት የስንት ዓመት ቁጠባ ነው። ምንም አላሉኝም። ቡና ሊያፈሉ ወደ ኩሽና ገቡ።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። እሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከጉድጓዱ ሲመጣ ስንት ነው? ሲመለስስ?» የሚመለሰውን አውቀዋለሁ። የሚመጣውን አላየሁትም።

ተመልሼ ኮምፕረሰሩን አስነሳሁና ቆሜ ጠበቅኩ። የሚመጣው 3 ዲግሪ፣ የሚመለሰው ከዜሮ በታች 6። ልዩነቱ 9 ነው፤ መሆን ያለበት 3 ወይም 4 ነበር። ጉድጓዱ ቢያጥር ኖሮ የሚመጣውም አብሮ ይቀዘቅዝ ነበር። አለቱ ሥራውን እየሠራ ነው። የተንቀራፈፈው ፈሳሹ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ስለሚዘገይ ያለውን ሙቀት እስኪጨርስ ይነጠቃል።

ፈሳሹ የሚያልፍበት ማጣሪያ ጋ ሄድኩ። ቫልቮቹን ዘግቼ ክዳኑን ስፈታው ጓዳውን የካቲካላ ሽታ ሞላው። ወንፊቷ አውራ ጣት ነው የምታህለው። ዙሪያዋን ግራጫ ጭቃ ለብሳለች፤ በጣቴ ሳሸው እንደ ዱቄት የላመ ነው። የቁፋሮ ብናኝ! ማሽኑ ከተተከለ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፣ እስከዚያ ቀን ማንም ከፍቷት አያውቅም። አጠብኳት፣ መለስኳት፣ አየሩን አስወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልዩነቱ 4 ላይ መጣ።

ኩሽና ገብቼ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተሳስቼ ነው ያስደነገጥኩዎት። ጉድጓድዎ ምንም አልሆነም» አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሌላ አፈሉልኝ።

ከመሄዴ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ የማሽኑ በር ላይ ለጠፍኩላቸው። ልዩነቱ ከ5 ካለፈ ይደውሉልኝ አልኳቸው። አሁን በየወሩ መጀመሪያ አንብበው ይልኩልኛል። ያለፈው ወር 3 ተኩል ነበር።