ፋሲካና ምርጫ በኤናን ቦሞን

የስቅለት ዕለት ከብራስልስ ተነስቼ ሊል ላይ ወረድኩ፤ ከዚያ የአካባቢውን ባቡር ያዝኩ። ፋሲካን ከታላቅ እህቴ ጋር ላሳልፍ ነው። በዚያ ዓመት በዓላችን ከፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሁለተኛ ዙር ጋር ተገጣጥሞ ነበር፤ ሚያዝያ 16፣ በነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 24 ቀን 2022። እህቴ የምትኖረው ደግሞ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ኤናን ቦሞን ነው፤ የቀኝ አክራሪዎቹ ተወዳዳሪ ማሪን ለፔን ራሷ ድምፅ የምትሰጥባት ከተማ።

ባቡሩ ወደ ከተማዋ ሲጠጋ ሜዳው መሀል ጥቁር ኮረብታ ብቅ ይላል። ከመሬት ሆድ ከሰል ሲወጣ የተረፈው ድንጋይ ለብዙ ዘመን ተከምሮ ነው ኮረብታ የሆነው። የአካባቢው የመጨረሻ የከሰል ጉድጓድ የተዘጋው በነሱ አቆጣጠር በ1990 ነው። ቀይ የጡብ ቤቶቹ አሁንም ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ከሰል ቆፋሪዎቹ ይኖሩባቸው የነበሩ ናቸው።

እህቴ ጣቢያ ቆማ ጠበቀችኝ። ተሳስመን ሳንጨርስ «አልበላህም አይደል?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ሳልጠይቃት «ዘንድሮ ፈርቻለሁ» አለች።

ፍርሃቷ ገባኝ። በ2002 አባትየው ዣን ማሪ ለፔን ሁለተኛ ዙር ሲገባ ቀኝ ግራ ሳይል ሕዝቡ ለተፎካካሪው ለሺራክ ተረባርቦ በ17.79 በመቶ አስቀረው። በ2017 ልጅቷ 33.90 አገኘች። አሁን በመጀመሪያው ዙር ፕሬዚዳንቱ ማክሮን 27.85፣ እሷ 23.15 ይዘው ነው የተፋጠጡት። ዜሙር የሚባለው ሌላ ቀኝ አክራሪ ተወዳዳሪ ከእሷም የባሰ ሲናገር ስለከረመ እሷ ለዘብተኛ መስላ ታየች። የምርጫ ዘመቻውን በሙሉ ስለ ኑሮ ውድነት ነበር የምታወራው፤ የነዳጅን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ20 ወደ 5.5 በመቶ አወርዳለሁ እያለች። ሂጃብ በአደባባይ ይከልከል፣ በሥራና በመንግሥት ቤት ፈረንሳዊው ይቅደም የሚለው ግን ከፕሮግራሟ አልወጣም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ስለ ቤንዚን ዋጋ የሚያዳምጣት ሰው ሌላውንም አብሮ ይመርጣል።

ባቡር ላይ ሳሰላ የመጣሁት የሦስተኛውን ሰው ድምፅ ነበር። የግራው ሜላንሾን 21.95 በመቶ አግኝቶ ለጥቂት ነው የቀረው። ለደጋፊዎቹ ለለፔን አንድም ድምፅ እንዳትሰጡ አላቸው። ለማክሮን ስጡ ግን አላለም። እንግዲህ የእሷ ዕድል ያለው እዚያ ሕዝብ እጅ ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቤቱ ከቀረ ታልፋለች፤ ከወጣ ትወድቃለች። እህቴም ሜላንሾንን ነበር የመረጠችው።

እሑድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጾማችንን በዶሮ ወጥ ፈታን። ትንሽ ተኝተን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድን፤ ትምህርት ቤት ነው። ሀበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። የሁለቱን ተወዳዳሪዎች ወረቀት ከጠረጴዛው አነሳች፣ ትንሽ ፖስታ ተቀበለች፣ መጋረጃ ውስጥ ገባች። ከዚያ ፖስታዋን ውስጡ በሚታየው ሳጥን ውስጥ ከተተች። ሰውየው ጮክ ብሎ «አ ቮቴ!» አለ፤ መርጣለች ማለቱ ነው።

ግቢውን ስንወጣ ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ነው። ስትከፍተው የተጨማደደ ወረቀት አየሁ። ማሪን ለፔን ይላል።

«ማክሮንን አልወደውም» አለችኝ። «ጡረታውን 65 ላደርገው ነው እያለ ነው። እኔ አዛውንት ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ ከአሁኑ አልቋል። ግን ምን ላድርግ፣ ወንድምዬ?»

ምሳ ላይ ጎረቤቷ መጡ። ባላቸው ከሰል ቆፋሪ ነበሩ፤ ሳንባቸው ተበልቶ ነው የሞቱት። ዶሮ ወጡን በሹካ ይበላሉ፣ እንባ እየወረዳቸው ገና ጨምሩልኝ ይላሉ። እህቴ ስትታመም ልጆቿን ከትምህርት ቤት የሚያመጡላት እሳቸው ናቸው። ማንን እንደመረጡ አልደበቁም። «ማሪንን» አሉ። ድሮ ቤተሰቡ በሙሉ ሶሻሊስት ነበር። የሶሻሊስቱ ከንቲባ ግን በ2009 በሙስና ተያዘ፤ በ2014 የለፔን ፓርቲ ከተማውን በመጀመሪያው ዙር ወሰደ። «መንገዱ ተጠገነ፣ አበባ ተተከለ፣ ሰላም ይሉኛል» አሉ። ከዚያ የእህቴን እጅ ያዙ። «አንቺን ማለታቸው አይደለም፣ ልጄ።»

እህቴ ዝም ብላ እንጀራ ጨመረችላቸው።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ቆጠራውን ለማየት ተመለስን፤ ለማንም ክፍት ነው። ፖስታዎቹን መቶ መቶ አድርገው ከፋፈሏቸው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ስሙን ያነባል፣ ሁለት ሰዎች ጭረት ያደርጋሉ። «ለፔን። ለፔን። ማክሮን። ለፔን። ለፔን።» ባዶ ፖስታም ወጣ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እዚያ ቆሜ አለቀ፣ አሸነፈች ብዬ ነበር።

2 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ የማክሮንን ፊት አወጣ። የመጨረሻው ውጤት 58.55 ለ41.45 ሆነ። ኤናን ቦሞን ውስጥ ከሦስት መራጭ ሁለቱ ለእሷ ነበር የሰጡት፤ ፓሪስ ደግሞ 85 በመቶው ለማክሮን። እኔ የአንዲት ክፍል ጭረት አይቼ ነው ለአገር የፈረድኩት። ፓሪስ ተቀምጦ አትችልም የሚለውም ያው ነው። ከመራጩ 28 በመቶው ቤቱ ቀርቷል፤ በሁለተኛ ዙር ይህን ያህል ሰው ሲቀር ከ1969 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ደግሞ ሄዶ ባዶ ወይም የማይቆጠር ወረቀት ከቷል። ከ17 ወደ 33፣ ከ33 ወደ 41። ይህችን ሴት ያስቆማት ማክሮንን የሚወደው ሕዝብ ብቻ አይደለም። እየመረረው የሚወጣው ነው፣ እንደ እህቴ።

ሰኞ ማለዳ እሷ ወደ ሥራ፣ እኔ ወደ ባቡር። ጎረቤቷ የዶሮ ወጡን ሳህን አጥበው፣ ቸኮሌት ሞልተው በር ላይ አስቀምጠውታል። እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስራለች።

«በሚቀጥለውስ ትወጫለሽ?» አልኳት።

ክሩን አጥብቃ እስክትጨርስ አላየችኝም። «አላውቅም» አለች።