ሕግ ተርጓሚው ሲወድቅ

ሦስት ሳምንት አለፈው። አሁንም ግን ሌሊት አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ያ ድምፅ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ "ጓ" ያለው የእንጨቱ፣ ቀጥሎ "ዷ" ያለው የእኔ። በሁለቱ መካከል የነበረችው ቅጽበት በሕይወቴ ረጅሟ ናት። ክፍሉ በሙሉ እየወደቅሁ መሆኔን አውቋል፤ እኔ ግን ገና ማብራሪያዬን አላቆምሁም።

የነገሩ መነሻ የቡድን ሥራ ነው። የቡድን ሥራ ምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳም። አምስት ነበርን። አንዱ ታመመ፣ አንዷ ለቅሶ ሄደች፣ አንዱ ስልኩን ዘጋ። አራተኛው ግን አልጠፋም፤ በየማታው እየደወለ የአባቱ ስም ሽፋኑ ላይ በትክክል መጻፉን ያረጋግጥ ነበር። "በኃይሉ ኃ ነው እንጂ በሀሌታው እንዳይሆን፣ አደራ" ይለኛል። ለአንዲት ፊደል ያሳየውን ትጋት ሩቡን ለፈረንሳዊው ፈላስፋ ለሞንቴስኪዩ ቢያሳይ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ውጤት ሲሰጥ ደግሞ አምስታችንም እኩል ነን! ይቅር፤ በዚህ ከጀመርሁ ደሜ ይፈላና ታሪኩን አልጨርሰውም።

ርዕሳችን የሥልጣን ክፍፍል ነበር። ሞንቴስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 የጻፈው፣ ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ሕግ ተርጓሚው በአንድ እጅ ከገቡ ነፃነት የለም የሚለው። ይህን ደግሞ ከሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ሁሉም ሰው በቃሉ ይወጣዋል። መምህራችንን በምን ላስደንቅ? ከግቢው በር ፊት ለፊት እማማ ዘንድ ቡና እየጠጣሁ ስብሰለሰል፣ የተቀመጥሁበትን ነገር ዝቅ ብዬ አየሁት። የፕላስቲክ ወንበር በሞላበት ቤት አንድ ብቻ የቀረ፣ ሰው እየተቀመጠበት የተወለወለ፣ እንደ ተቆላ ቡና የጠቆረ የጅማ በርጩማ። ሦስት እግር!

ባለ አራት እግር ወንበር ወለሉ ትንሽ ከጎረበጠ ይወላገዳል። ባለ ሦስት እግር ግን ድንጋይ ላይም ብታስቀምጠው ቀጥ ነው። ሦስት አካላት፣ አንድ የማይናወጥ መንግሥት። ሲኒውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

እማማ ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ጀበናውን አስቀምጠው አዩኝ። "ልጄ፣ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው የሚባለው። አንተ ጭራሽ መቀመጫ ይዘህ ልትሄድለት ነው?" አሉ። ቢሆንም ሰጡኝ፤ መታወቂያዬን መያዣ አድርገው።

ከቤታቸው ስወጣ ዝናቡ መጣ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆመህ እስኪያልፍ ልጠብቅ ብትል ሴሚስተሩ ያልቃል። በርጩማውን ገልብጬ አናቴ ላይ ደፋሁትና፣ ሦስቱን የመንግሥት አካላት ወደ ሰማይ አቁሜ ወደ በሩ ሮጥሁ።

"መታወቂያ" አለኝ ጥበቃው።

"ለበርጩማው መያዣ አስቀምጬዋለሁ።"

"በርጩማው እኮ ራስህ ላይ ነው።"

"አዎ፤ እሱን ስወስድ ነው የተያዘው።"

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ መዝገቡን ገለጠና ቃሉን ለራሱ እያነበበ ጻፈ፦ "በርጩማ፣ አንድ። እንጨት። እግር፣ 3። እርጥብ።" አስፈረመኝ። ሲወጣ ግን የንብረት መውጫ ወረቀት እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ንብረቱ የግቢው እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርሁ። "የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አንተ ራስህ ማን እንደሆንህ ማስረጃ የለህም" አለኝ። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ማክስ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1919 ባደረገው ንግግር መንግሥት ማለት በተወሰነ ግዛት ውስጥ ተቀባይነት ያለውን ኃይል በብቸኝነት የያዘ አካል ነው ብሏል። የእኛን በር ሳያይ ይህን ማወቁ ይደንቀኛል።

አቀራረቤ እስከ ስድስተኛው ደቂቃ ድረስ ያማረ ነበር። ይህን ጠላቶቼም አይክዱም። በርጩማውን መምህሩ የሚቆሙበት ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ላይ አስቀምጬ፣ በየእግሩ ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት ለጥፌ ነበር። እርጥብ እንጨት ፕላስተር አይዝምና ሕግ አውጪውና ሕግ አስፈጻሚው ገና በሰላምታው ላይ ተልጠው ወደቁ። የቀረው "ሕግ ተርጓሚ" የሚለው ብቻ ነው። እኔም አልደነገጥሁም፤ "እነሆ፣ ሦስቱ ከተመጣጠኑ መንግሥት አይናወጥም" ብዬ በሙሉ ክብደቴ ተቀመጥሁ።

ያ ወረቀት የያዘው እግር የቆመው መድረኩ ጠርዝ ላይ ነበር።

ጓ። ዷ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን እያጣራሁ ነው፣ "ሕግ ተርጓሚው ወደቀ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ማን ይያዘው?

ሳቁ እንኳ ባልከፋ። መምህራችን ግን አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው መጡና ያነሡት እኔን ሳይሆን በርጩማውን ነው። ገለበጡት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጣታቸውን እግሩና መቀመጫው በሚገናኙበት ቦታ ላይ እያሳለፉ አንድ በአንድ ዳበሱት።

"መጋጠሚያው የት ነው?" አሉ።

"የለውም፣ መምህር። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው። ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው" አልሁ፤ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋሁ፣ በኩራት።

"ሦስቱም እግር ከአንድ ግንድ?"

"አዎ!"

"እንግዲያውስ ክፍፍሉ የታለ?"

አስቡት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ዝናቡ ነው፣ መምህር" የሚል ነበር።

ከአሥር ስድስት ተሰጠን። አራተኛው ጓዳችን ማታ ደወለ። የአባቱ ስም በትክክለኛው ኃ ተጽፏል፤ የሚጠይቀኝ ግን ምን አጥፍቼ ውጤቱን እንዳሳነስሁበት ነበር። ከእኛ ቀጥሎ የቀረቡት ደግሞ ርዕሳቸው ራስ ገዝነት ነበርና ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዴት እንዳቆዩ፣ ከጅሬን ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ጋር አሳዩ። ዘጠኝ አገኙ። ፎቶግራፍ ከመድረክ አይወድቅም።

መልሱ የመጣልኝ በሦስተኛው ቀን፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ማን እንደላከው አላውቅም፤ ብቻ ብድግ ብዬ ተቀመጥሁ። ሞንቴስኪዩ ምሳሌ ያደረገው እንግሊዝን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ ዋልተር ባጆት የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ተነሥቶ የእንግሊዝ ሥርዓት ምስጢር መለያየቱ ሳይሆን ሕግ አውጪውና አስፈጻሚው መዋሐዳቸው ነው ብሎ ጻፈ። ወደ እኛ ስንመጣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 ሥርዓቱ ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። በአንቀጽ 73 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ከዚያው ግንድ! በርጩማው ትክክል ነበር! የዓመቱ ምርጥ ምሳሌ እጄ ላይ ነበር፣ እኔም በሙሉ ክብደቴ ተቀምጬበት ነበር፣ ስጠየቅ ስለ አየር ሁኔታ አወራሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

መልሱን በመኝታ ክፍላችን ኮሪደር ላይ ብዙ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። በአንዱ ስሪት መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጨብጡኛል። በእውነተኛው ዓለም ግን ስሜ ተቀይሯል፤ ምሳ ሰልፍ ላይ "ለሕግ ተርጓሚው ቦታ ልቀቁ፣ ቆሞ መቆየት አይችልም" ይሉኛል።

በርጩማውም ወዲያው አልወጣም። መውጫ ወረቀት የሚፈርሙት አንዱ ስብሰባ፣ አንዱ መስክ ላይ ናቸው እየተባለ ሁለት ሳምንት የእኔ አልጋ ሥር ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ያለ መታወቂያ፣ ከበርጩማ ጋር። በመጨረሻ ወረቀቱ ሲገኝ ጥበቃው መዝገቡን ገልጦ ከበርጩማው ጋር አመሳከረና "እርጥብ ይላል፤ ይሄ ደረቅ ነው" አለኝ። እየቀለደ መሆኑን ያወቅሁት መንገዱን ከተሻገርሁ በኋላ ነው።

እማማ በርጩማውን ተቀብለው አንዱ እግር ጫፉ መላጡን አዩ። የፕላስተሩ ቅሪት አልለቀቀም ነበር። እኔም ዕድሉን አገኘሁና ከባጆት እስከ አንቀጽ 73 ድረስ፣ ግንዱን በእጄ እያሳየሁ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ይሄን ሁሉ እያወቅህ ታዲያ ለምን ወደቅህ?" አሉኝ።

መታወቂያዬን ከቡናው ቆርቆሮ ሥር አውጥተው ሰጡኝ። በርጩማውን ወደ ጓዳ አስገቡት፤ ለእኔ አንድ የፕላስቲክ ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው አቀረቡልኝ። አሁንም እሱ ላይ ነው የምቀመጠው። አራት እግር አለው። ይወላገዳል።